ሂጂም ቅሪም ያላለ ፊልም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ሰነበተ። የላከልኝ ሰው ሁሉ ከሥሩ «እውነት ነው!» ብሎ ጽፎበታል። ጉዳዩ «ሌዲ በርድ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ነው። ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ሰው መሆናቸውን፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የምትጨርስ ልጅ እንዳለቻቸውም ይነግሩናል። ፊልሙን ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው አዩት፤ እሳቸው ተናደው ተነሱ። ንዴታቸውን ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። አማርኛቸው ይጣፍጣል፣ ነገርም ማሳመር ይችላሉ። ችግሩ ያዩት ፊልምና የጻፉለት ፊልም አንድ አለመምሰላቸው ነው።

ላላየው ሰው ታሪኩን በአጭሩ ልንገር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2002 ነው፤ ቦታው የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ። ክርስቲን ማክፈርሰን የአንድ ካቶሊክ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ትታ ራሷን «ሌዲ በርድ» ብላለች፤ በሌላ ስም ሲጠሯት ታርማለች። እናቷ ማሪዮን የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ ፈረቃ ደርባ እየሠራች ቤቱን ትይዛለች። አባቷ ላሪ ሥራ ያጣል። ልጅቷ ሳክራሜንቶ አንገሽግሿታል። ሩቅ፣ ወደ ኒውዮርክ ሄዳ መማር ትፈልጋለች። እናት ደግሞ አቅማችን እዚሁ ቅርብ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው ትላለች። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ተመሳጥራ በድብቅ ታመለክታለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጽፋ ያዘጋጀችው ግሬታ ገርዊግ ናት፤ እሷም የሳክራሜንቶ ልጅ ነች። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ በእኛ 2010 መሆኑ ነው። ለ5 ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም።

አሁን ወደ ክሱ። ጸሐፊውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ፊልሙ ልጆች እናታቸውንና አገራቸውን እንዲንቁ ያስተምራል ይላሉ። ውሸትን ይሸልማል፤ ልጅቷ ደብቃ አመልክታ የፈለገችውን አገኘች ይላሉ። አባትየው ሚስቱን ከጀርባዋ የወጋ ደካማ ሰው ሆኖ ሳለ ፊልሙ ደግ አድርጎ ይስለዋል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ራሷ ተጸጽታ ወደ ቤት ስለደወለች ፊልሙ የሰበከውን በራሱ እጅ አፈረሰ ይላሉ። ደግሞም ይህ የጠገበ ሰው ጭንቀት ነው፤ የእኛን ልጅ ምን አገባው ይላሉ። በመሃል «ታሪክም የለው» የምትል ሽሙጥ ጣል አድርገዋል። መደምደሚያቸው፦ ፊልሙ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አይታይ፤ በምትኩ የስኬት ታሪክ ይታይ።

ከንቀቱ ልጀምር። ልጅቷ ባለጌ አፍ አላት፣ አልክድም። ፊልሙ ገና ሲጀምር መኪና ውስጥ ከእናቷ ጋር ትጨቃጨቅና መኪናው እየሄደ በሩን ከፍታ ራሷን ትወረውራለች። እጇ ይሰበራል። ጄሶው ላይ እናቷን የሚሰድብ ነገር ትጽፋለች። ጸሐፊው ይህችን ትዕይንት በሰፊው ተርከዋታል። ከእሷ በፊት ያለውን ግን ዘለሉት። የፊልሙ የመጀመሪያ ምስል እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ፊት ለፊት ዞረው ተኝተው ነው። ሲነሱ አልጋውን አብረው ያነጥፋሉ። ከዚያ መኪና ውስጥ በካሴት የሚነበብ ልቦለድ ያዳምጣሉ። ታሪኩ ሲያልቅ ሁለቱም ዕንባቸው ይወርዳል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ዕንባው ሳይደርቅ ነው።

ይህ ንቀት ነው? እኔ የማውቀው ንቀት እንዲህ አይጮኽም። የናቁትን ሰው «እሺ» ብለው ያልፉታል እንጂ ከመኪና አይወረወሩበትም። ልጅቷ የምትጮኸው እናቷ የምትለው ነገር ስለሚያማት ነው። የሚያማት ደግሞ ስለምትሰማው ነው።

አንዲት ትዕይንት ልጨምር። እናትና ልጅ ሰልባጅ ቤት ገብተው ልብስ ይመርጣሉ። ልጅቷ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። እናትየው ደክሞሽ ከሆነ እንቀመጥ ትላለች። አልደከመኝም። እግርሽን ስትጎትቺ አይቼ እኮ ነው። ታዲያ ለምን በቀጥታ አትነግሪኝም... እንዲህ እያሉ ድምፃቸው ከፍ፣ ከፍ ይላል። ሊፈነዳ ሲል እናትየው ከተሰቀለው መሃል አንድ ቀሚስ ታወጣለች። ወዲያው ሁለቱም እኩል «ውይ!» ይላሉ። ጠቡ የት እንደገባ እንጃ። ሰልባጅ ተራ ከእናቷ ጋር ወጥታ የምታውቅ ሴት ይህን ለማወቅ ሳክራሜንቶ መሄድ አያስፈልጋትም።

ጸሐፊው እዚህ ነጥብ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተናግረዋል። ወላጅን ትቶ መሄድ፣ ያውም ሳይፈቀድ፣ ለእኛ ባዕድ ነው ብለዋል። እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል። ሰሜን ሸዋ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ይከብዳል። የቆሎ ተማሪ የት ሄደ? ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከውሻ ጋር የሚታገለው ልጅ ማን አስፈቅዶ ወጣ? አባት ከብት የሚጠብቅለት ልጅ ነበር የሚፈልገው። ልጁ ግን አንድ ሌሊት ብድግ ብሎ ጠፋ። ዜማ ፍለጋ፣ ቅኔ ፍለጋ፣ መምህር ፍለጋ። እናት ስታለቅስ ከረመች። ከዓመታት በኋላ ካህን ሆኖ ሲመለስ ግን ሠፈሩ እልል ብሎ ተቀበለው። ይህ የአንድና የሁለት ሰው ታሪክ አይደለም፣ የትምህርታችን ታሪክ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መርሐቤቴ ተወልደው እንጦጦ ራጉኤል የተማሩት እናት አገር ንቀው ነው አንልም። አበበ ቢቂላም ከጃቶ ወጥቶ ክብር ዘበኛ ሲገባ ጃቶን ካደ ያለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላማ ሁሉም የእኛ ልጅ ነው አለ።

ልዩነት አለ፣ እቀበላለሁ። የቆሎ ተማሪው የሚሄደው ወደ እግዚአብሔር ቃል ነው፤ ልጅቷ የምትሄደው ራሷን ፍለጋ ነው። አንዱን ማክበር ሌላውን አለማክበር ይቻላል። ባዕድ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ወደ ውሸቱ ልለፍ። ጸሐፊው «ዋሸች፣ ተሸለመች» ብለው ዘጉት። እስቲ ሽልማቱን እንቁጠረው። የደበቀችው ነገር የሚወጣው በምረቃዋ ቀን፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው አፍ። እናትየው ከዚያ በኋላ ታኮርፋለች። ኩርፊያ ስል የእኛን ኩርፊያ ነው። ልጅቷ ወጥ ቤት ቆማ ይቅርታ ትለምናለች፤ እናትየው ዕቃ ታጥባለች። አንድም ቃል አትመልስም። ልጅቷ እባክሽ አናግሪኝ ትላለች፤ ሳህኑ ይታጠባል። አባትየው ለትምህርቱ ሲል ቤቱ ላይ እንደገና ብድር ይወስዳል። መሄጃዋ ቀን ሲደርስ እናትየው ኤርፖርት ድረስ ትነዳለች፤ ፓርኪንግ ውድ ነው ብላ ግን አትወርድም። ዞር ብላ ዕንባዋ ሲያሸንፋት መኪናዋን መልሳ እየሮጠች ትገባለች። ልጅቷ ሄዳለች። ይህ ሽልማት ከሆነ ቅጣቱን አሳዩኝ።

ለምን ደበቀች የሚለውስ? ጸሐፊው ይህን አልጠየቁም። ልጅቷ መጀመሪያ በግልጽ ተናግራለች። እዚያው መኪና ውስጥ። መልሱ አንቺ እንኳን እዚያ እዚህም አትገቢም የሚል ነበር፤ እናትየው እስር ቤት ሁሉ ትጠቅስላታለች። በግልጽ ሲናገሩት በር የተዘጋበትን ነገር ልጅ በጓሮ ይሞክረዋል። ትክክል ነው አላልኩም። ግን ከየት መጣ ካልን ከዚያ ነው የመጣው።

እኛ ቤትስ? 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሲሞላ አባት ቅርቡን ይላል፣ እናት ዘመድ ያለበትን ትላለች። ልጁ እሺ ብሎ ይወጣና ሌላ ቦታ አንደኛ አድርጎ ይሞላል። ምደባው ሲወጣ ቤት ገብቶ አንገቱን ደፍቶ «ሐዋሳ ደረሰኝ» ይላል። መንግሥት እንደመደበው። እናት «ምን ይደረግ፣ የአንድዬ ፈቃድ ነው» ብላ ስንቅ ታዘጋጃለች። ይህን ያላደረገ ወይም ያደረገ ጓደኛ የሌለው ሰው እጁን ያውጣ። የልጅቷን ውሸት የሚለየው የእሷ ፊልም ተሠርቶበት ሁሉም ማየቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጸሐፊው ፊልሙን ከልጃቸው ጋር አይተው ይህን ሁሉ ሲጽፉ ልጃቸው ምን እንዳለች አንድ መስመር አላሰፈሩም። ዝም ብላ ይሆን? ከሆነ ለምን ዝም አለች የሚለው ከፊልሙ ጋር ይገናኛል።

ስለ አባትየው ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ላሪ ከሚስቱ ደብቋል። ባልና ሚስት በሚያስተዳድሩት ገንዘብ ላይ አንዱ ለብቻው መወሰኑ ልክ አይደለም፤ ያውም ደመወዝ የምታመጣው እሷ ሆና። ማሪዮን ብትቆጣ እውነቷን ነው። ፊልሙም እውነቷን መሆኑን አይሸሽግም። ግን «ደካማ» የሚለው ቃል ችኮላ ነው። ሰውየው ሥራ ያጣ፣ የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ለአንድ የሥራ ቦታ ከገዛ ወንድ ልጁ ጋር ይወዳደራል፤ ቦታውን የሚያገኘው ልጁ ነው። እዚያ ላይ ቅናት ወይም ብስጭት ብታዩ ንገሩኝ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ጸሐፊው የደብዳቤዎቹን ነገር ጨርሶ አለማንሳታቸው ነው። እናትየው ካኮረፈች በኋላ ለልጇ ደብዳቤ ትጽፋለች። ትጀምራለች፣ አላማራትም፣ ትጥላለች። እንደገና ትጀምራለች፣ ትጥላለች። ሳትሰጣት ልጅቷ ትሄዳለች። ላሪ የተጣሉትን ወረቀቶች ሰብስቦ ሻንጣዋ ውስጥ ይከትላታል። ልጅቷ ኒውዮርክ ደርሳ ሻንጣዋን ስትፈታ ታገኛቸዋለች። ይህ እንግዲህ ምን ይባላል? በእኛ አገር ሁለት የተኳረፉ ሰዎች መሃል ገብቶ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ሰው ሽማግሌ ይባላል። ላሪ የልጁን ምስጢር ከእናቷ ደበቀ፤ እውነት። የእናትን ልብ ግን ለልጅቷ ያደረሰው እሱ ነው። ሁለተኛውን ቆርጦ የመጀመሪያውን ብቻ ማውራት ለሰውየው ፍትሕ አይሆንም።

«ታሪክ የለውም» ለሚለው ብዙ አልቆይም። መኪና አይገለበጥም፣ ሰው አይገደልም። ይህ ልክ ነው። ፊልሙ 94 ደቂቃ ነው፤ አንድ የትምህርት ዓመት ያሳያል። ለሰለቸው ሰው ሰልችቶታል፣ ምን ይደረጋል።

ጸጸቱ ግን መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የተቀባበለው ይህችን ነጥብ ነው። «አየሽ፣ መጨረሻዋ ይኸው ነው» የሚል መልእክት ለልጆቻቸው የላኩ እናቶች አሉ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ልጅቷ ኒውዮርክ ሄዳ፣ ጠጥታ፣ ሆስፒታል ገብታ፣ በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሳ፣ ወደ ቤት ደውላ ተጸጸተች፤ ስለዚህ መቅረት ነበረባት።

የመጠጡ፣ የሆስፒታሉና የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ልክ ነው። ጸጸት የሚለው ግን ከየት መጣ? መልእክቱን ደግማችሁ ስሙት። ልጅቷ ራሷን ክርስቲን ብላ ትጀምራለች። እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳክራሜንቶ ውስጥ መኪና ስትነዳ ሆዷ ባብቶ እንደነበር ትጠይቃታለች። እሷ ራሷ መንጃ ፈቃድ አግኝታ በዚያው መንገድ ስትነዳ የተሰማትን መናገር ፈልጋ፣ ያኔ ኩርፊያ ላይ ስለነበሩ ሳትናገር ቀርታለች። እወድሻለሁ ትላለች። ታመሰግናታለች። አለቀ። «ልመለስ» አላለችም። «ባልሄድ ኖሮ» አላለችም። ማመስገንን መጸጸት ካልነው፣ ከአገር ርቆ በበዓል ቀን ወደ እናቱ የሚደውል ሰው ሁሉ ተጸጽቷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃም አለ፤ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል። ጸሐፊው ልጅቷ አገሯን መውደድ ያወቀችው ከሄደች በኋላ ነው ይላሉ። አይደለም። ሳትሄድ በፊት፣ ትምህርት ቤቱን የምታስተዳድረው አሮጊት መነኩሲት ሲስተር ሳራ ጆን ልጅቷ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የጻፈችውን ድርሰት ታነባለች። ሳክራሜንቶን እንዴት እንደምትወጃት ያስታውቃል ትላታለች። ልጅቷ ትደነግጣለች። መውደድ ሳይሆን ዝም ብዬ ያየሁትን ነው የጻፍኩት ዓይነት መልስ ትሰጣለች። መነኩሲቷም ልብ ብሎ ማየትና መውደድ ሁለት ነገር ይመስሉሻል ወይ ስትል ትጠይቃታለች። አስቡት፤ ከከተማዋ ለመውጣት በጻፈችው ወረቀት ላይ ነው ፍቅሯ የተገኘው። ስለዚህ ፊልሙ «ሂጂና አገርሽን ውደጂ» አላለም። «ቅሪና ውደጂ»ም አላለም። መሄዷና መውደዷ ጎን ለጎን ነበሩ።

እኛስ ጋ አንድ መምህር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ደብረ ብርሃን አንድ ገጽ ጻፉ ቢል? መጀመሪያ ቅሬታ ይመጣል። ብርዱ፣ አቧራው፣ መዝናኛ የለም፣ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ እንደ ሰማይ ይርቃል። ብዕሩ ከሞቀ በኋላ ግን ሌላ ይመጣል። የጥቅምት ውርጭ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ሲያድር። ጧት ከየጓሮው የሚነሳው የኩበት ጭስ ሳይወጣ እዚያው ቤቶቹ ላይ ተኝቶ ሲቀር። መናኸሪያ ላይ «አዲሳባ፣ አዲሳባ፣ አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ከድምፁ ቀድሞ ሲታይ። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡት ሴቶች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነው ዓይናቸው ብቻ ሲቀር። ከመንዝ የመጣ በግ ነጋዴ ባናውን ሳያወልቅ ሻይ ሲጠጣ። ይህን የጻፈ ልጅ ከተማውን አይወድም የሚል ሰው ካለ ይምጣ። ያው ልጅ በመስከረም ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል።

አሁን «የጠገበ ሰው ጭንቀት» ወደሚለው ልግባ። ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁት፤ ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ግማሹም እውነት ነው።

እውነቱን ልጀምር። የሳክራሜንቶዋ ልጅ ችግር ከሁለት ዩኒቨርሲቲ የቱን ልምረጥ ነው። የእኛ ልጅ ችግር ማለፍ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ይህ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፣ ፈተናው ላይ ያልደረሱ ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች «ምርጫ» የሚባለው ነገር ቅንጦት ነው ቢሉ ጸሐፊውን አልከራከርም።

ግን የማክፈርሰንን ቤት የጠገበ ቤት ማለት ፊልሙን ዓይን ጨፍኖ ማየት ነው። እናትየው ልጅቷን ሁለት ፎጣ ተጠቀምሽ ብላ ትቆጣለች። ለምን? ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ልብስ ማጠብ ያለባት እሷ ስለሆነች፣ አንድ ትርፍ ፎጣ ቀኗን ስለሚያዛባ። የጠገበ ቤት ፎጣ አይቆጥርም። ልጅቷ በሀብታም ጓደኞቿ ፊት አፍራ፣ የሰው ትልቅ ቤት የእኔ ነው ብላ ትዋሻለች። ለወንድ ጓደኛዋ ሠፈሯን አሳንሳ ትነግረዋለች፤ ያ ወሬ እናትየው ጆሮ ይደርስና ይቆጠቁጣታል። ሰው ቤቱን የሚያፍርበት ጠግቦ አይደለም።

ደግሞ አንዲት ትዕይንት አለች፣ እኔ ከፊልሙ ሁሉ የምትበልጥብኝ። ልጅቷ ተናዳ ብዕርና ወረቀት ታነሳለች። እኔን ለማሳደግ ስንት እንዳወጣሽ ቁጥሩን ንገሪኝ፤ አድጌ ብዙ ብር አግኝቼ ከፍዬሽ ሁለተኛ አላናግርሽም ትላለች። እናትየው ያን የሚያስከፍል ሥራ ማግኘትሽን እጠራጠራለሁ ብላ ትመልሳለች። ጭካኔ ነው፣ ከሁለቱም። ጸሐፊው ይህን የምዕራባውያን ስግብግብነት አድርገው አንብበውታል። እኔ ግን ሳየው የታሰበኝ ከመንዝ ወይም ከሞረት መጥቶ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይመጣለታል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ኪራይ ሲደርስ አንድ በግ ይሸጣል። ልጁ የትኛው በግ እንደተሸጠ ያውቃል፤ ራሱ ሲጠብቃት ያደገ ነው። ማንም «ስንት አወጣችሁብኝ» ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ግን ቁጥሩ እያንዳንዱ ጭቅጭቅ ውስጥ አለ። «ይህን ሁሉ የሆንኩት ለማን ብዬ ነው?» ይላል አባት። ልጁ ጥያቄውን ይሰማል፤ መልሱን ያውቃል፤ ሌሊቱን መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ልጅቷ ጮኻ የጠየቀችውን የእኛ ልጅ በሆዱ ሲያሰላው ይኖራል። ይህን ትዕይንት ልጁ ቢያየው አይገባውም የሚለኝ ሰው ልጁን አያውቀውም።

ጉዳዩን ጠቅልዬ «የምርጫ ፊልም ነው» ማለትም አልወድም። ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጥ ሳይሆን የምትጠብቅ ናት። ኒውዮርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይ ግቢ ወይ ቅሪ አላላትም፤ ተጠባባቂ አድርጓታል። ውጤት የሚጠብቅ የእኛ ልጅ፣ ወይም ነጥቡ ግማሽ ሳይሞላ ሪሜዲያል የገባ ልጅ፣ ይህን መንጠልጠል ከእሷ በላይ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ይታይ ወይስ አይታይ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እተዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ የወሲብ ትዕይንት፣ ስድብና ማጨስ አለ። አሜሪካም ቢሆን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ ሲኒማ ቤት እንዳያየው ተብሎ የተመደበ ነው። መምህር ተነስቶ ክፍል ውስጥ ለ60 ተማሪ ይክፈተው አልልም። ከወላጅ ጋር ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ግን ይቻላል፤ ጸሐፊው ራሳቸው እንዳደረጉት።

የማልስማማው በምትኩ ይታይ ባሉት ነው። የስኬት ታሪክ፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች፣ ዶክተር የሆኑ፣ ኢንጂነር የሆኑ። እሺ፣ ይታይ። ግን ማንን ነው የሚያናግረው? በ2017 ቁጥር እንኳ ብንሄድ ከ100 ተፈታኝ ከ91 በላዩ በዚያ ታሪክ ውስጥ የሉም። እነሱም 12ኛ ክፍል ጨርሰዋል። እነሱም ነገ ጧት ተነስተው የሆነ ነገር መሥራት አለባቸው። ያለፉትም ቢሆኑ ነገሩ አይዘጋም፤ ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ማግኘት ምን ያህል ይከብዳል?

ፊልሙ ለእነሱም ሰው አለው። የልጅቷ ወንድም ሚጌል ነው። ከበርክሊ የተመረቀ፣ በአሜሪካ ስም ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ከአንዱ ማለት ነው። ከፍቅረኛው ጋር ሱፐርማርኬት ውስጥ የደንበኛ ዕቃ ፌስታል ውስጥ ይከታል። የሚኖረው ወላጆቹ ቤት ነው። እናትየው ስትናደድ ስሙን እንደ ማስፈራሪያ ታነሳዋለች። ፊልሙ ግን አያላግጥበትም፣ አያዝንለትም። ይሠራል፣ ያመለክታል፣ ፊቱ ላይ የሰካቸውን ጌጦች አውልቆ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ጸሐፊው ስለ ሚጌል አንድ ቃል አልጻፉም። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ለሚጨርስ ልጅ እኔ ከማንም በፊት የማሳየው እሱን ነበር።